ለዓይነት ሁለት የስኳር ሕመምተኛ ጉበት የትኛው እንቅስቃሴ ይመረጣል? ብርቱ ኢንተርቫል፣ መካከለኛ ኤሮቢክ ወይስ ክብደት ማንሳት

ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ካለባቸው ሰዎች መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በጉበታቸው ውስጥ ከመጠን ያለፈ ስብ ተጠራቅሞባቸዋል። የጉበት ስብ ለረጅም ጊዜ የሕመም ስሜት ስለማይሰጥ ብዙ ሰው መኖሩን የሚያውቀው ለሌላ ጉዳይ አልትራሳውንድ ሲነሣ ወይም ደም ሲመረመር ነው። በዚያን ጊዜ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ «ስፖርት ይሥሩ፣ ክብደት ይቀንሱ» የሚል አጭር ቃል ሆኖ ይቀራል፤ ምን ዓይነት ስፖርት፣ በምን ያህል ጉልበት፣ በሳምንት ስንት ቀን የሚለው ጥያቄ ግን ለታካሚው ይተዋል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ለአጭር ጊዜ በሙሉ አቅም ሠርቶ ማረፍን የሚደጋግመው ኢንተርቫል የሚባለው እንቅስቃሴ ከሁሉም እንደሚበልጥ በስፋት ስለሚነገር፣ ምርጫው ይበልጥ ግራ የሚያጋባ ሆኗል።

ይህ መመሪያ ሦስቱን ዋና ዋና አማራጮች ከጉበት ሕዋስ አንጻር ያነጻጽራል። አቋሜን ከወዲሁ ለማስቀመጥ፦ ብርቱው እንቅስቃሴ ለጉበት ጠቃሚ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ነገር ግን የጉበትን ስብ በመቀነስ ረገድ ከመካከለኛው እንቅስቃሴ በእጅጉ እንደሚልቅ በሰው ላይ የተደረጉ ጥናቶች አያሳዩም። ብልጫው ጊዜ በመቆጠቡና የልብንና የሳንባን አቅም ፈጥኖ በማሳደጉ ላይ ነው። ስለዚህ ምርጫው መነሣት ያለበት ከዓይን፣ ከእግር፣ ከልብና ከሚወሰደው መድኃኒት ነው።

በጉበት ሕዋስ ውስጥ የሚደርሰው ጫና

የጉበት ሕዋስ በሰውነት ውስጥ ሥራ ከሚበዛባቸው ሕዋሳት አንዱ ነው። አልቡሚንን ብቻ ብንወስድ ጤናማ ጉበት በየቀኑ ከ10 ግራም በላይ ያመርታል፤ ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችና ስብን በደም ውስጥ የሚያጓጉዙ ቅንጣቶችም የእርሱ ሥራ ናቸው። እነዚህ ፕሮቲኖች ከሕዋሱ ከመውጣታቸው በፊት ተጣጥፈው ትክክለኛ ቅርጻቸውን የሚይዙት ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በሚባለው የሽፋን መረብ ውስጥ ሲሆን፣ ስብ የሚሠራውና ካልሲየም የሚከማቸውም በዚሁ መረብ ውስጥ ነው። በዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ጊዜ ስኳር፣ ኢንሱሊንና እንደ ፓልሚቲክ አሲድ ያለ የረጋ ስብ በአንድነት ወደ ጉበት ሲጎርፉ መረቡ ከአቅሙ በላይ ይጫናል፤ በትክክል ያልታጠፉ ፕሮቲኖችም በውስጡ ይከማቻሉ።

ሕዋሱ ይህን የሚያውቅበት መንገድ አለው። በመረቡ ሽፋን ላይ ፐርክ፣ አይአርኢ-1 እና ኤቲኤፍ-6 የሚባሉ ሦስት ጠቋሚዎች አሉ። በሰላሙ ጊዜ ጂአርፒ-78 የተባለ ረዳት ፕሮቲን ተጣብቆባቸው ሥራ እንዳይጀምሩ ይይዛቸዋል። ያልታጠፉ ፕሮቲኖች ሲበዙ ግን ይህ ረዳት እነርሱን ለማገዝ ጠቋሚዎቹን ትቶ ይሄዳል፤ ጠቋሚዎቹም በዚያው ይነቃሉ። የመጀመሪያው ምላሽ መልካም ነው፦ የፕሮቲን ምርት ለጊዜው ይቀንሳል፣ ተጨማሪ ረዳት ፕሮቲኖች ይሠራሉ፣ የተበላሸውም ይወገዳል። ጫናው በሰዓታት ውስጥ ካለፈ ሕዋሱ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ይመለሳል።

ጉዳቱ የሚመጣው ጫናው ለሳምንታትና ለወራት ሳይረግብ ሲቀር ነው። በ2004 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ከመጠን በላይ በወፈሩ አይጦች ጉበት ውስጥ ይህ ጫና ጄኤንኬ የተባለውን ኢንዛይም እንደሚያነቃ፣ ኢንዛይሙም የኢንሱሊን መልእክት ወደ ሕዋሱ ውስጥ እንዳይዘልቅ እንደሚያደናቅፍ አሳይተዋል። መልእክቱ ያልደረሰው ጉበት ሰውየው ሳይበላ በተኛበት ሌሊት ከሚያስፈልገው በላይ ስኳር ያመርታል፤ ብዙ ሕመምተኞች ማታ ተጠንቅቀው በልተው ጠዋት ከፍ ያለ ስኳር የሚያገኙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጫናው ከዚህም ከከፋ ቾፕ የተባለው ፕሮቲን ይበዛና ሕዋሱን ወደ ሞት ይመራዋል፤ የሞቱት ሕዋሳት እብጠትን፣ እብጠቱም ውሎ አድሮ ፋይብሮሲስ የሚባለውን ጠባሳ ያስከትላሉ። እንግዲህ እንቅስቃሴን ስንመዝን ጫና ፈጠረ ወይስ አልፈጠረም ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም፤ የፈጠረው ጫና ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል፣ ከዚያስ በኋላ ሕዋሱ ምን ሆኖ ይገኛል የሚለው ነው ወሳኙ።

ብርቱ እንቅስቃሴ ጉበት ላይ የሚያደርገው

አንድ ሰው በሙሉ አቅሙ ሲሮጥ ወይም ብስክሌት ሲገፋ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ስለሚሄድ ወደ ጉበት የሚደርሰው ደም በጣም ይቀንሳል። በዚያው ቅጽበት አድሬናሊንና ግሉካጎን የተባሉት ሆርሞኖች ጉበቱን ያከማቸውን ግላይኮጅን ፈጥኖ ወደ ስኳር እንዲለውጥ ያዙታል። የሰውነት ሙቀት ይጨምራል፤ ኃይል የሚያነጥፈው ሥራ በሕዋሱ ውስጥ ኦክሲዴቲቭ ጫናን፣ ማለትም ከኦክስጅን የሚመነጩ ጎጂ ቅንጣቶችን መብዛት፣ ከፍ ያደርጋል። በመሆኑም ብርቱ እንቅስቃሴ በሚሠራበት ሰዓትና ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጫና ፈጣሪ ነው፤ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎችም ከአንድ ከባድ ልምምድ በኋላ የፕሮቲን መታጠፍ ጫና ጠቋሚዎች ከፍ ብለው ታይተዋል።

ጥቅሙ የሚገኘው በእረፍት ሰዓት ነው። ኃይሉ የተሟጠጠበት ሕዋስ ኤኤምፒኬ የተባለውን ኢንዛይም ያነቃል፤ ይህም አዲስ ስብ የሚመረትበትን መንገድ ዘግቶ ያለውን ስብ ማቃጠልን ያበረታታል። ሕዋሱ የተበላሹ ክፍሎቹን ራሱ የሚያስወግድበት ሂደትም ይጠናከራል። ይህ ለሳምንታት ሲደጋገም መረቡን ያጨናነቀው ስብ ይቀንሳል፤ ስቡ ሲቀንስ የጫናው ምንጭ ራሱ ይደርቃል። ከመጠን በላይ በወፈሩ አይጦች ላይ በ2011 የታተመ ጥናት ለሳምንታት የተደረገ የዋና ልምምድ በጉበትና በስብ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ የሬቲኩለም ጫናን እንዳረገበና ኢንሱሊን በተሻለ ሁኔታ እንዲሠራ እንዳደረገ አሳይቷል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እፈልጋለሁ። ስለ ጉበት ሕዋስ ጫናና ስለ ብርቱ እንቅስቃሴ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የተገኘው ስብ የበዛበት ምግብ ከተመገቡና ስትሬፕቶዞቶሲን በተባለ መርዝ ስኳር እንዲይዛቸው ከተደረጉ አይጦች ነው። መርዙ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሕዋሳት በቀጥታ ስለሚገድል ሁኔታው ለዓመታት ቀስ በቀስ ከሚያድገው የሰው ሕመም ጋር በትክክል አይመሳሰልም። በሕያው ሰው ጉበት ላይ በየሳምንቱ በመርፌ ናሙና መውሰድም አይቻልም። ስለዚህ በሰው ላይ ያለን ጠንካራ ማስረጃ በማግኔቲክ ምርመራ የተለካ የጉበት ስብ፣ የደም ስኳርና የኢንሱሊን አሠራር ነው፤ ንጽጽሩም በእነዚህ ላይ መመሥረት ይኖርበታል።

አማራጮቹ ጎን ለጎን

ኢንተርቫል በብዙ መልኩ ይሠራል። አንደኛው ለ1 ደቂቃ በርትቶ ለ1 ደቂቃ ማረፍን 10 ጊዜ የሚደጋግም ነው፤ ሌላው ለ4 ደቂቃ በርትቶ ለ3 ደቂቃ ዝግ ማለትን 4 ጊዜ ይደጋግማል። በብርቱው ክፍል የልብ ምት ከከፍተኛው ከ85 እስከ 95 ከመቶ ይደርሳል። ከፍተኛውን ምት በግምት ለማግኘት ዕድሜን ከ220 መቀነስ የተለመደ ስለሆነ፣ የ50 ዓመት ሰው ከፍተኛ ምት 170 አካባቢ፣ የኢንተርቫል ዒላማው ደግሞ በደቂቃ ከ145 እስከ 161 ይሆናል። በዚህ ደረጃ ሰው ከአንድ ሁለት ቃል በላይ መናገር አይችልም። ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ በተደረገ የ12 ሳምንት ጥናት ኢንተርቫል የጉበትን ስብ ከነበረበት በ39 ከመቶ ገደማ ቀንሶታል፤ የልብን አሠራርም አሻሽሏል። ከሞቂያና ከማብረጃ ጋር አንዱ ልምምድ ከግማሽ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ መሆኑ ጊዜ ለሚያጥረው ሰው ትልቅ ነገር ነው።

መካከለኛ ኤሮቢክ ማለት ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ቀላል ብስክሌት ወይም ዋና ነው፤ የልብ ምቱ ከከፍተኛው ከ64 እስከ 76 ከመቶ ላይ ይሆናል፣ ለ50 ዓመቱ ሰው ከ109 እስከ 129 ማለት ነው። ማውራት ይቻላል፣ መዝፈን ግን አይቻልም። ከመጠን በላይ በወፈሩ ሰዎች ላይ ለ4 ሳምንት የተደረገ የብስክሌት ልምምድ ክብደታቸው ሳይቀንስ እንኳ የጉበታቸውን ስብ በ21 ከመቶ ቀንሷል። ከሁሉ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ግን በ2016 የታተመው፣ የሆድ ውፍረትና የጉበት ስብ ያለባቸው 220 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ነው። አንዱ ቡድን ለ6 ወር ብርቱ ሩጫ ከሠራ በኋላ ለቀጣዮቹ 6 ወራት ወደ ፈጣን እርምጃ ሲዞር፣ ሌላው ዓመቱን ሙሉ በፈጣን እርምጃ ብቻ ቆየ፤ በ6ኛውም በ12ኛውም ወር የሁለቱ ቡድኖች የጉበት ስብ መቀነስ ተቀራራቢ ነበር። ብርቱውን መሥራት ያልቻለ ሰው ለጉበቱ የሚረባ ነገር እንዳላደረገ ሊሰማው አይገባም የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ክብደት ማንሳትና የመለጠጫ ላስቲክ መጎተት ብዙ ጊዜ የሚረሳ አማራጭ ነው። ለ8 ሳምንት በተደረገ ጥናት ክብደት ሳይቀንስ የጉበት ስብ በ13 ከመቶ ወርዷል። ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመምና የጉበት ስብ ባለባቸው ሰዎች ላይ ኤሮቢክን ከክብደት ማንሳት ጋር ያነጻጸረ የ4 ወር ጥናት ደግሞ ኤሮቢኩ ስቡን በአንድ ሦስተኛ፣ ክብደት ማንሳቱ በአንድ አራተኛ ገደማ እንደቀነሱት አሳይቷል፤ ይህ ልዩነት ግን ያን ያህል የሚያስመርጥ አልነበረም። ትንፋሽ ለሚያጥረው፣ ጉልበቱን ለሚያመው ወይም በዕድሜ ምክንያት ጡንቻው ለሚመነምን ሰው ይህ መንገድ ከሁለቱ ይልቅ ሊመች ይችላል።

በእነዚህ መካከል እኔ ይበልጥ የምደግፈው ግን ብዙ የማይወራለት የኢንተርቫል እርምጃ ነው። ለ3 ደቂቃ በፍጥነት፣ ለ3 ደቂቃ ዝግ ብሎ መራመድን እስከ 60 ደቂቃ መደጋገም ማለት ነው። ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ለ4 ወር በሳምንት 5 ቀን ተሞክሮ፣ ተመሳሳይ ኃይል እያወጡ ሳያቋርጡ ከተራመዱት ይልቅ የተሻለ የስኳር ቁጥጥርና የመተንፈስ አቅም አስገኝቷል። ከሰዓትና ከሚመች ጫማ በቀር መሣሪያ አይጠይቅም፤ በሩጫ ላይ የሚደርሰውን የመገጣጠሚያ ድብደባም ያስቀራል።

በስኳር መለኪያው ላይ የሚታየው ልዩነት

መካከለኛ እንቅስቃሴ የደም ስኳርን እየሠሩ ሳለ ይቀንሳል። ብርቱው ግን ተቃራኒ ሊያሳይ ስለሚችል ብዙ ሰዎችን ያስደነግጣል። ለምሳሌ ከልምምድ በፊት 160 ሚሊግራም በዴሲሊትር የነበረ ስኳር ልክ እንደጨረሱ 190 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህ የሆነው አድሬናሊን ጉበት ከጡንቻው ፍጆታ በላይ ስኳር እንዲለቅ ስላደረገ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ይወርዳል፣ ከዚያም ጡንቻው ያጣውን ግላይኮጅን ለመተካት ለብዙ ሰዓታት ስኳር መውሰዱን ይቀጥላል። ስለዚህ ይህን ጭማሪ አይቶ ወዲያው ተጨማሪ ኢንሱሊን መውጋት በኋላ ስኳር ከልክ በላይ እንዲወርድ ሊያደርግ ይችላል።

የሚሠራበት ሰዓትም ልዩነት ያመጣል። ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ያለባቸው 11 ወንዶች የተሳተፉበት፣ በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከሰዓት በኋላ የተሠራ ኢንተርቫል የደም ስኳርን ሲቀንስ ያው ልምምድ ጠዋት ሲሠራ ስኳሩን ከፍ አድርጎታል። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ጥቂት በመሆኑ ሕግ አድርጎ መያዝ አይገባም፤ ሆኖም ጠዋት ኢንተርቫል እየሠራ ስኳሩ አልወርድለት ያለ ሰው ሰዓቱን ወደ ከሰዓት ማዛወሩ ምንም አያስከፍለውም።

ብርቱውን ከመምረጥ በፊት የሚታዩ ነገሮች

መጀመሪያ የዓይን ምርመራ ያስፈልጋል። በሬቲና ላይ አዳዲስ ስስ የደም ሥሮች ያደጉበት ሰው ኃይለኛ እንቅስቃሴም ሆነ ትንፋሽን ይዞ ከባድ ክብደት ማንሳት ዓይኑ ውስጥ ደም እንዲፈስ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ሕክምናው እስኪጠናቀቅ ድረስ ከሁለቱም መራቅ አለበት። እግሩ የደነዘዘ ሰው የተላላጠውን ቦታ ሳያውቀው ሊቆስል ስለሚችል ከሩጫ ይልቅ ብስክሌት ወይም ዋና ይሻለዋል፤ ከየልምምዱ በኋላም ውስጥ እግሩንና በጣቶቹ መካከል ያለውን ማየት ይኖርበታል። የደረት ሕመም፣ ያለ ምክንያት የሚመጣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ሲነሡ ማዞር ያለበት፣ እንዲሁም ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ የቆየ ሰው ልቡን ሳያስመረምር ኢንተርቫል መጀመር የለበትም።

ቀጥሎ የሚታየው መድኃኒቱ ነው። ሜትፎርሚን ብቻውን የሚወሰድ ከሆነ በእንቅስቃሴ ምክንያት ስኳር ከልክ በላይ የመውረዱ ስጋት አነስተኛ ነው። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ከመጀመሩ በፊት መለካት፣ ስኳሩ ከ90 በታች ከሆነ ጥቂት ስኳርነት ያለው ምግብ መቅመስ አለበት። ስኳሩ ከ250 በላይ ሆኖ በሽንት ወይም በደም ኬቶን (ኢንሱሊን ሲያንስ ከስብ መቃጠል የሚመጣ አሲድ) ከተገኘ ብርቱ እንቅስቃሴ የዚያን ቀን ይቀራል። ቤታ ብሎከር የሚባለው የልብና የደም ግፊት መድኃኒት የልብ ምትን ስለሚይዝ መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው በምት ቁጥር ሳይሆን በመናገር ችሎታው ጉልበቱን ይለካ። ስኳርን በሽንት የሚያስወጡ መድኃኒቶችን የሚወስድ ደግሞ ውኃ ቶሎ ሊያጥረው ስለሚችል ከልምምድ በፊትም በኋላም ይጠጣ።

ጉበቱ ወደ ሲሮሲስ፣ ማለትም ጠባሳው ወደ በዛበት የመጨረሻ ደረጃ፣ ለደረሰና በጉሮሮ ቧንቧው ላይ ያበጡ የደም ሥሮች ላሉበት ሰው ጉዳዩ የተለየ ነው፤ ኃይለኛ ጥረት ወደ ጉበት በሚገባው ደም ሥር ውስጥ ያለውን ግፊት ለጊዜው ስለሚጨምር፣ ጉልበቱን መወሰን ያለበት የሚከታተለው ሐኪም ነው።

እንዴት ይመረጥ?

ዓይኑ፣ እግሩና ልቡ ተመርምረው ደህና የሆኑለት፣ ያለ ችግር ለግማሽ ሰዓት በፍጥነት መራመድ የሚችልና በሳምንት ብዙ ሰዓት ማግኘት የማይችል ሰው ኢንተርቫልን ቢመርጥ መልካም ነው። በሳምንት 3 ቀን፣ በመካከላቸው ቢያንስ አንድ ሙሉ የእረፍት ወይም የቀላል እርምጃ ቀን እያደረገ ይሥራ። ይህን እረፍት አጥብቄ የምናገረው ከላይ በተብራራው ምክንያት ነው፤ አጭሩ ጫና ወደ ጥገና የሚለወጠው ፋታ ሲያገኝ ነው፣ በየቀኑ ሲደራረብ ግን ሕዋሱን ሊያመልጠው ወደሚገባው ያልተቋረጠ ጫና ሊመልሰው ይችላል። ጀማሪ ከሆነ ከ10ሩ ዙር 4ቱን ብቻ በመሥራት ይጀምርና በየሳምንቱ አንድ አንድ ይጨምር።

ለረጅም ጊዜ ያልተንቀሳቀሰ ወይም ከላይ ከተጠቀሱት ችግሮች አንዱ ያለበት ሰው በመካከለኛው ይጀምር፤ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ ከ2 ቀን በላይ በተከታታይ ሳያቋርጥ። ይህ የ2 ቀን ገደብ የተቀመጠው አንድ ልምምድ በኢንሱሊን አሠራር ላይ የሚያመጣው መሻሻል ከ24 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ስለሚጠፋ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ኢንተርቫል እርምጃ መሻገር ይቻላል። የመረጠው ኤሮቢክ የትኛውም ቢሆን በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን ክብደት ማንሳት ቢጨምርበት ትርፉ ብዙ ነው፤ የበላነውን ስኳር አብዛኛውን የሚቀበለው ጡንቻ ስለሆነ ጡንቻው በተጠናከረ መጠን ወደ ጉበት የሚገፋው ትርፍ ይቀንሳል።

ጠባሳ መጀመሩ የታወቀለት ሰው ግን በእንቅስቃሴ ብቻ ተማምኖ መቀመጥ የለበትም። የሰውነት ክብደት በ5 ከመቶ ያህል ሲቀንስ የጉበት ስብ መሻሻል ይጀምራል፤ እብጠቱና ጠባሳው እንዲሻሻሉ ግን ከ7 እስከ 10 ከመቶ መቀነስ ያስፈልጋል፣ እዚያ ለመድረስም የአመጋገብ ለውጥ የግድ ነው።

ውጤቱ መቼና እንዴት ይለካ?

ከ12 ሳምንት በፊት የጉበት ስብን ደግሞ ማስለካት ብዙም አይጠቅምም፤ ሲለካም በመጀመሪያው ጊዜ በተጠቀሙበት ዓይነት ምርመራ መሆን አለበት። የደም ምርመራን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኤኤስቲ እና ኤኤልቲ የተባሉት ኢንዛይሞች በጉበት ብቻ ሳይሆን በጡንቻም ውስጥ ይገኛሉ፤ ልምዱ የሌላቸው ጤናማ ወንዶች አንድ ጊዜ ከባድ ክብደት ካነሡ በኋላ ሁለቱም ቢያንስ ለ7 ቀናት ከፍ ብለው ቆይተዋል። ስለዚህ አዲስ ብርቱ ልምምድ የጀመረ ሰው ለጉበት ምርመራ ደም ከመስጠቱ በፊት ለአንድ ሳምንት ከከባድ ልምምድ ይታቀብ፤ ይህን ማድረግ ካልቻለ ምን እንደሠራና መቼ እንደሠራ ለሐኪሙ ይንገር። ሐኪሙም በዋናነት ከጡንቻ የሚወጣውን ክሬያቲን ካይኔዝንና በጡንቻ ጉዳት የማይጨምረውን ጂጂቲ የተባለ የጉበት ኢንዛይም አብሮ በማሠራት ምንጩን መለየት ይችላል፦ የመጀመሪያው በጣም ከፍ ብሎ ሁለተኛው እንደነበረ ከቆየ ጭማሪው የመጣው ከጡንቻ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ሁለተኛውም አብሮ ከጨመረ ግን ጉበቱ እንደገና መታየት አለበት።